የወተት ጥርስም አደራ ነው፦ የገጠር ሕፃናት የጥርስ ጤናና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በገጠር አጥቢያዎቻችን ሕፃን ልጅ ሲታመም የእናት ልብ በብዙ ነገር ይጨነቃል። ትኩሳት ሲይዘው፣ ተቅማጥ ሲበረታበት፣ ሲያስመልሰው፣ ጡት አልጠባ ሲል ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ምክርም ከየአቅጣጫው ይመጣል። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ “ሕመሙ ከጥርሱ ነው፤ ይነቀልለት” የሚለው ነው። በዚህም ምክንያት ገና ከድድ ያልወጣው የወተት ጥርስ በስለት ተፈልፍሎ እንዲወጣ ይደረጋል። እናቲቱ ይህን የምትፈቅደው ልጇን ስለምትጠላ አይደለም፤ ይልቁንም እጅግ ስለምትወደውና ሌላ መፍትሔ የነገራት ስለሌለ ነው።

የጥርስ ሐኪሞች ወደ ገጠር ወጥተው ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን በነጻ የሚያክሙባቸው መርሐ ግብሮች አልፎ አልፎ ይካሄዳሉ። ይህ የተቀደሰ አገልግሎት ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያው ወደ አንድ ቀበሌ የሚደርሰው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢሆን ነው፤ የአራት ዓመቱን ሕፃን አፍ ከፍቶ ሲያይም አስቀድሞ የጠፋውን ሊመልስ አይችልም። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግን ዓመቱን ሙሉ በዚያው አለች። ሕፃኑን በክርስትናው ቀን ትቀበለዋለች፣ በቁርባን ታሳድገዋለች፣ ፊደል ታስቆጥረዋለች። ስለዚህ የሐኪሙ ድካም ፍሬ እንዲያፈራ ከሐኪሙ በፊትም ከሐኪሙ በኋላም የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ክትትል ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሕፃናትን የወተት ጥርስ ጉዳይ ከሃይማኖትም ከሕክምናም አንጻር ማብራራትና በአጥቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚገባውን ማመልከት ነው።

የሕፃን አካል የወላጅ ንብረት አይደለም

ቅዱስ ዳዊት ልጆች ከእግዚአብሔር የሚሰጡ ርስት እንደ ሆኑ ይዘምራል (መዝ. 126፥3)። ጌታችንም ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳያቀርቡ የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት ተቆጥቶ ሕፃናቱን አቅፎ ባርኳቸዋል (ማር. 10፥13-16)። እንግዲህ ወላጅ ለልጁ አደራ ጠባቂ እንጂ ፍጹም ባለቤት አይደለም። ሕፃኑ ከተጠመቀና በሜሮን ከታተመ በኋላ ደግሞ አካሉ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ሆኗል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። በሥርዓተ ሜሮን የአካሉ ክፍሎች እየተነኩ እንደሚታተሙ እናውቃለን። የታተመውን አካል ያለ በቂ ምክንያት በስለት መውጋትና ማድማት ታዲያ እንዴት ቀላል ነገር ይሆናል?

ሕክምናን በተመለከተ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ግልጽ ትምህርት ይሰጠናል። ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እርሱ እንደ ሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። በዚያው ምዕራፍ የታመመ ሰው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ንስሐም እንዲገባ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ጸሎትና ሕክምና እዚህ ላይ ተጣምረው ቀርበዋል እንጂ አልተጣሉም። ጠበል የሚጠመቅ ሕፃን ሐኪም ቢያየው እምነት እንደ ጎደለ አይቆጠርም።

ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 22 ቀን የምታስበው ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበር ቅዱስ ጳውሎስ መስክሮለታል (ቆላ. 4፥14)። ኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ቅዱሳን ሰማዕታት ቆዝሞስና ድምያኖስ ደግሞ ሕሙማንን ያለ ዋጋ ያክሙ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድሆችና ለሕሙማን ማረፊያና መታከሚያ የሚሆን ትልቅ ተቋም መሥርቶ ነበር። ስለዚህ ሐኪም ወደ ድሃው መንደር መጥቶ ሕፃናትን በነጻ ሲያክም የምናየው አገልግሎት ከአባቶቻችን ሕይወት ጋር የሚስማማ እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም።

የወተት ጥርስ ለምን ተሰጠ?

ብዙ ወላጆች “የወተት ጥርስ መውደቁ አይቀርም፤ ቢበላሽ ምን ይጎዳል?” ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ከሥራው አንጻር ሲታይ ስሕተት ነው።

የሕፃኑ የመጀመሪያ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ብቅ ይላል። ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥም ሃያው የወተት ጥርሶች ተሟልተው ይበቅላሉ። መውደቅ የሚጀምሩት በስድስት ዓመት አካባቢ ሲሆን የመጨረሻዎቹ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። እንግዲህ “የሚወድቅ ነው” የምንለው ጥርስ ልጁ በሚያድግባቸው ዋና ዋና ዓመታት ሁሉ የሚያገለግለው ነው።

የመጀመሪያው ሥራው ማኘክ ነው። ጥርሱ የሚያመው ልጅ ምግብ ይሸሻል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ሁለተኛው ሥራው ንግግር ነው። “ፈ”ን ለማለት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት፤ “ሰ”፣ “ዘ”ና “ጸ”ም ያለ ፊት ጥርስ ጥርት ብለው አይወጡም። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ድምፁን አጥርቶ ማውጣት የሚችለው ጥርሶቹ በቦታቸው ሲኖሩ ነው። ሦስተኛው ሥራው ደግሞ ለቋሚው ጥርስ ቦታ መጠበቅ ነው። የወተት ጥርስ ያለ ጊዜው ሲወጣ በአጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስም ቦታ አጥቶ ጠማማ ሆኖ ይበቅላል ወይም ሳይወጣ ይቀራል።

በዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት መንጋጋዎቹ በስተ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚመጣ ብዙዎች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን የሚኖር ቋሚ ጥርስ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ አይተካውም።

በሕመም ጊዜ የሕፃንን ጥርስ ማስነቀል

ከላይ የጠቀስነው ልማድ በአብዛኛው የሚፈጸመው ገና ዓመት ባልሞላቸው ወይም ጥቂት ባለፋቸው ሕፃናት ላይ ነው። የክራንቻ ጥርስ ከመውጣቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ድዱ ነጣ ብሎ ያብጣል። ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ ጥርሱ የሚወጣው ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ ነውና። ልማዱን የሚያምኑ ሰዎች ግን ያንን እብጠት የተቅማጥና የትኩሳት መነሻ፣ አንዳንዴም ትል ነው ብለው ያስባሉ። ለስላሳው የጥርስ ፍሬ ተፈልፍሎ ሲወጣም በእርግጥ ነጭ ትል ይመስላል፤ በዚህም እምነቱ ይጸናል። እውነታው ግን የወጣው ገና ያልጠነከረ ጥርስ መሆኑ ነው።

ሰዎች “ከተነቀለለት በኋላ ተሻለው” ሲሉ ውሸት ይናገራሉ ማለት አይደለም። የሕፃናት ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ጥርሱ ባይነካም ይሻለው የነበረው ሕፃን ጥርሱ ከወጣ በኋላ ሲሻለው መዳኑ ለነቃዩ ይቆጠራል። ያልዳነው ሕፃን ሲያርፍ ደግሞ “ሕመሙ ጸንቶበት ነው” ይባላል እንጂ ስለቱ አይጠየቅም። እንዲህ ሆኖ ልማዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል።

ለመሆኑ ሕፃኑ በዚያ ዕድሜ ለምን ይታመማል? ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ መዳህም ይጀምራል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ያልተፈላ ውኃ፣ ያልታጠበ እጅና ዕቃ በዚህ ጊዜ ጀርም ያስገቡበታል። ጥርስ የሚያበቅልበት ወቅትና ተቅማጥ የሚበዛበት ወቅት የተገጣጠሙት ስለዚህ ነው። ጊዜያቸው ቢገጣጠምም አንዱ የሌላው መንስኤ አይደለም።

ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ስለቱ፣ ምስማሩ ወይም የብስክሌት ሽቦው ንጹሕ ስላልሆነ ቴታነስና የደም መመረዝ ያስከትላል፤ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል። በተቅማጥ የደከመ ሕፃን ጥቂት ደም እንኳ ሲፈስሰው ለሕይወቱ ያሰጋል። ከተረፈም በኋላ ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ ፍሬ ተጎድቶ ጥርሱ ሳይወጣ ወይም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሕፃኑ እውነተኛውን ሕክምና ማግኘት የሚገባው ሰዓት በዚህ መባከኑ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የሀገራችን የወንጀል ሕግም የሕፃናትን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል ዘርዝሯቸዋል።

ትውፊትና ልማድ አንድ አይደሉም

አንዳንድ ምእመናን “አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን እንዴት እንተዋለን?” ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከቅንነት የሚመጣ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። ቅዱስ ጳውሎስ የተሰሎንቄ ምእመናን ከሐዋርያት በቃልም በመልእክትም የተቀበሉትን አጽንተው እንዲይዙ አዟል (2ኛ ተሰ. 2፥15)። ይህ ቅዱስ ትውፊት ነው፤ እኛም እስከ ሞት እንጠብቀዋለን። ጌታችን ደግሞ የሰውን ወግ ይዘው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የተዉትን ገሥጿል (ማር. 7፥8)። ይህ ደግሞ ልማድ ነው። ሁለቱን መለየት የአስተማሪ ሥራ ነው።

ጥርስ ማስነቀል በሐዋርያት አልታዘዘም፤ በሊቃውንት አልተሰበከም፤ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንም ስፍራ የለውም። ስለዚህ መተዉ ከእምነት አያወጣም፤ ይልቁንም አትግደል የሚለውን ትእዛዝ መጠበቅ ነው። ይህን ስናስተምር ግን ቀድሞ ያደረጉትን እናቶች እንዳናሳፍር መጠንቀቅ አለብን። በድንቁርና የተደረገውን የሚያርመው ትምህርት ነው። እናቲቱ ብትወቀስ ለሚቀጥለው ልጇ ተደብቃ ታስነቅላለች፤ ብትማር ግን ጎረቤቷን ጭምር ታስተምራለች። በየአካባቢው ጥርስ በመንቀል የሚታወቁት ሰዎችም አብዛኞቹ የእኛው ምእመናን ናቸውና ካህናት ለብቻቸው ቀርበው በፍቅር ሊመክሯቸው ይገባል።

ታዲያ ሕፃኑ ሲታመም ምን ይደረግ?

“ይህን አታድርጉ” ብሎ ብቻ መሄድ በቂ ትምህርት አይደለም። የተጨነቀች እናት ልታደርገው የምትችለው ነገር ያስፈልጋታል።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ጡት አይከልከል፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ተቅማጥ ከያዘው ከጤና ኬላ የሚገኘውን ኦአርኤስ በተነገረው መጠን በተፈላና በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት ያስፈልጋል። ከእርሱ ጋር የሚታዘዘውን የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳያቋርጡ መስጠት ይገባል። ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ደም ከተቀላቀለበት ወይም ከደነዘዘ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጸሎቱም ጠበሉም ከዚሁ ጋር ይሁን።

ጥርስ ሲያበቅል የሚያሳክከውን ድድ ደግሞ በታጠበ ጣት ወይም በንጹሕና በረጠበ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማሸት ያስታግሰዋል። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ጥርስ የሚበሰብሰው እንዴት ነው?

ከመነቀል የተረፈው የወተት ጥርስ ሌላ ጠላት አለው፤ እርሱም መበስበስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ያልታከመ የወተት ጥርስ መበስበስ እንዳለባቸው ገልጿል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ስኳርን ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ጥርስን እየሟሟ ይቦረቡረዋል። የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ መወሰዱም ጉዳቱን ያበዛዋል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚልስ ሕፃን ጥርሱ ለማገገም ፋታ አያገኝም። በጡጦ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ይዞ የሚተኛ ሕፃን ደግሞ የፊት ጥርሶቹ ቀድመው ይበላሻሉ።

ድሮ በገጠር ብርቅ የነበረው ከረሜላ ዛሬ በየሱቁ አለ። በዚህ ላይ እኛም ሳናውቅ ድርሻ አለን። ገዳማትንና አድባራትን ለመሳለም ከከተማ የሚጓዙ ምእመናን ለገጠር ሕፃናት ከረሜላ በካርቶን ይዘው ይሄዳሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ስጦታው ግን የጥርስ ሐኪም በሌለበት ቦታ ሕመም ትቶ ይመለሳል። የጉዞ ማኅበራት በከረሜላው ፈንታ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ፣ ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ ቢይዙ በረከቱ ይበልጣል።

የጥርስ ጽዳትን በሚመለከት ከመጀመሪያው ጥርስ ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፣ ማጽዳት ይገባል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከተገኘ ሦስት ዓመት ላልሞላው በሩዝ ፍሬ ልክ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው በአተር ፍሬ ልክ ይበቃል። ብሩሽ ከሌለ ጫፉ በደንብ የለሰለሰ የወይራ መፋቂያ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ግን የራሱ ይኑረው። ሕፃን በራሱ በሚገባ ማጽዳት ስለማይችል እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ ታላቁ ሰው ሊያጸዳለት ይገባል።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩ ምእመናን ጉዳይ በመጠኑ የተለየ ነው። በዚያ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ ስላላቸው በልጅነታቸው የጠጡት ሰዎች ጥርስ ይበልዛል። የእነዚህ ልጆች ጥርስ ቡናማ መሆኑ የንጽሕና ጉድለት አይደለምና ሊዘበትባቸው አይገባም። መፍትሔው ከፍሎራይድ የተጣራ ወይም ሌላ ምንጭ ያለው ውኃ ማግኘት ነው።

ከድድ መቁሰል የሚጀምር አንድ አስፈሪ በሽታም አለ። ኖማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና እንደ ኩፍኝ ባለ ሕመም የደከሙ ሕፃናትን ይይዛል፤ ካልታከመም በቀናት ውስጥ የፊትን ሥጋ እየበላ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። ድዱ የቆሰለ፣ የሚደማና አፉ የሚሸት፣ ጉንጩም ማበጥ የጀመረ ሕፃን ሲታይ “እርግማን ነው” ብሎ መደበቅ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናልና።

ባለሙያዎች ወደ ገጠር ሲመጡ ምን ያደርጋሉ?

ወላጆች የጥርስ ሕክምና ሲባል መርፌና ጉጠት ብቻ ስለሚታያቸው ልጆቻቸውን ይደብቃሉ። ለሕፃናት የሚደረገው ግን በአብዛኛው እንዲህ አይደለም። ሐኪሙና እናቲቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑ እግሩን ወደ እናቱ፣ ራሱን በሐኪሙ ጉልበት ላይ አድርጎ ይጋደማል። የእናቱን ፊት እያየ ስለሚመረመር ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ የፍሎራይድ ቅባት ይቀባል። መበስበስ ከጀመረ ደግሞ ብር ያለበት የፍሎራይድ ፈሳሽ በመቀባት መበስበሱን ማስቆም ይቻላል። ይህ ፈሳሽ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የተቀባው የበሰበሰ ክፍል ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማች እናት “ልጄን አበላሹብኝ” ብላ ልታዝን ስለምትችል ከሕክምናው በፊት ሊነገራት የግድ ነው፤ ጥቁረቱ መበስበሱ መቆሙን ያሳያል። የተቦረቦረውንም ጥርስ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ አጽድቶ መሙላት ይቻላል። ይህ ስልት በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ በታንዛንያ የተጀመረ ሲሆን መብራት በሌለበት መንደር እንኳ በጥላ ሥር ሊከናወን የሚችል ነው።

አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሕፃኑ ጋር የምትገናኝባቸውን ጊዜያት አስቀድሞ ሰጥቶናል። የሚያስፈልገው እነዚህን ጊዜያት መጠቀም ነው።

አንደኛ፣ የክርስትና ቀን። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ጥርስ የማስነቀል ፈተና የሚመጣው ከዚያ ወራት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ካህኑ ከጥምቀቱ በኋላ ወላጆችን ሲመክር “ልጁ ሲታመም ወደ ጤና ኬላ እንጂ ወደ ስለት አትውሰዱት” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምክሩ ከአደጋው ቀድሞ ይደርሳል። በዚያች ዕለት ከካህን የተሰማ ቃል ከብዙ ፖስተር ይልቅ በልብ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የክርስትና አባትና እናት። የሕፃኑን እምነት ሊጠብቁ ቃል የገቡ ናቸውና ጤናውንም ይጠብቁ። ጎረቤት “ይነቀል” ሲል “አይሆንም፤ ልጁ የእኔም ነው” ለማለት ሥልጣን አላቸው።

ሦስተኛ፣ የንስሐ አባት። ቤት ለቤት ሲሄድ የታመመ ሕፃን መኖሩን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ጸልዮ፣ ጠበል ረጭቶ “አሁኑኑ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት” ቢል እንቢ የሚለው ወላጅ ጥቂት ነው።

አራተኛ፣ የአብነት ትምህርት ቤት። በብዙ ገጠር አራትና አምስት ዓመት ለሆነው ሕፃን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የየኔታ ጉባኤ ነው። ሕፃናቱ ከፊደል በፊት እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ አፋቸውንም እንዲያጸዱ ማልመድ ይቻላል። በጥርስ ሕመም ፊቱ ያበጠ ልጅ “ሰነፍ” ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት አፉ ቢታይ መልካም ነው።

አምስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤና ሰንበት ትምህርት ቤት። የሕክምና ቡድን ሲመጣ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ሕፃናቱን አስቀድሞ መመዝገብ፣ ውኃና ጥላ ማዘጋጀት፣ ከሁሉም በላይ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ተመልሰው መታየት የሚገባቸውን ሕፃናት ስም ይዞ መከታተል የእነርሱ ድርሻ ይሁን። የፍሎራይድ ቅባቱም የብሩ ፈሳሽም በየወራቱ ካልተደገመ ጥቅሙ ይቀንሳልና።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቅዱስ ቁርባን አንድ ማሳሰቢያ ማንሣት ያስፈልጋል። የሕክምና ቡድኖች ሕዝብ ስለሚሰበሰብ እሑድን ወይም ወርኃዊ በዓልን ይመርጣሉ። ጌታችን በሰንበት ሕሙማንን ፈውሷልና (ሉቃ. 13፥10-17) በበዓል ቀን ማከም ነውር የለበትም። ነገር ግን በዕለቱ ከሚቆርቡት መካከል ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው፤ በቆረቡበት ዕለት ደግሞ ከአፍ ምራቅና ደም እንዳይወጣ መጠንቀቅ ሥርዓታችን ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ለቆረቡ ሕፃናት ሌላ ቀን እንዲያዝላቸው ከቡድኑ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ በዓሉ ለትምህርትና ለምዝገባ፣ ማግስቱ ለሕክምና ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። የሚቆርብ ሕፃን ጥርስም በዋዜማው ማታ ይጽዳ። ፊቱ ያበጠና ትኩሳት ያለው ሕፃን ግን ቀን አይጠበቅለትም፤ ካህኑን አማክረው ያለ መዘግየት ያሳክሙት።

ማጠቃለያ

ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው ቁስሉን በወይንና በዘይት አጥቦ ከጠቀለለለት በኋላ ትቶት አልሄደም። ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ ለባለቤቱ አደራ ሰጠው (ሉቃ. 10፥34-35)። አባቶች ያቺን ማረፊያ ቤት በቤተ ክርስቲያን ይመስሏታል። ወደ ገጠር የሚወጣው ሐኪም በአንድ ቀን ቁስል ይጠግናል፤ የጠገነውንም ለአጥቢያዋ አደራ ሰጥቶ ይመለሳል። አደራውን የተቀበልን ካህናት፣ መምህራን፣ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ሕፃኑን እስከሚቀጥለው ጉብኝት ድረስ ልንጠብቀው ይገባናል።

በሚቀጥለው እሑድ በየአጥቢያችን ክርስትና የሚነሡ ሕፃናት አሉ። ጥርሳቸው ገና አልበቀለም፤ ስለትም ገና አልነካቸውም። ምክሩን ከእነርሱ ወላጆች እንጀምር።

የሕፃናት አምላክ ልጆቻችንን በጤናና በሃይማኖት ያሳድግልን፤ የሐኪሞችንም እጅ ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።